ለኪሎ አትክፈሉ፣ ለጸዳ መሬት ክፈሉ፦ ስለ ጦርነት ቆሻሻና ስለ ግብር ጥያቄና መልስ

ሰላም የጣና ዳር ሰዎች። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የውዳቂ ብረት መጋዘን ገብቼ ያየሁትን ጽፌላችሁ ነበር። ላላነበበ በአጭሩ ልድገመው። አንድ ልጅ ማዳበሪያ ሙሉ ብረት አምጥቶ ዘረገፈ። የተሰበረ ድስት፣ የመጥበሻ እጀታ፣ የአልጋ ሽቦ። ከመሃሉ የሞርታር ጥይት ጭራ ወጣ። የፈነዳ ነበር። ግን ልጁም ባለመጋዘኑም የፈነዳውን ካልፈነዳው አይለዩም። ሚዛን ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ በዛብኝ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለማያውቁኝ፣ ብዙ ዓመት የሠራሁት ግብር ላይ ነው። ከዚያ ደረቅ ቆሻሻ ላይ ሠርቻለሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የምመልሰው።

የጦርነት ቆሻሻ ስል ፍርስራሽ፣ የተቃጠለ መኪና፣ ቀለህ፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ፣ የፈሰሰ ዘይትና ባትሪ፣ ጊዜው ያለፈበት የእርዳታ መድኃኒት ማለቴ ነው። ማበረታቻ ስል ደግሞ የግብር ቅናሽ፣ የቀረጥ ነፃ መብት፣ ድጎማ፣ ዕቃው ሲመለስ የሚመለስ መያዣ ማለቴ ነው። የሚቀጣ ታክስም ያው ቤተሰብ ነው።

ማን ተኮሰ፣ ማን ጀመረ የሚለውን አልመልስም።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ያልታወቀ ብረት አይነካም። አይነሳም፣ አይሸጥም፣ አይገዛም። ባለበት ትቶ ቦታውን አስታውሶ ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ መንገር ነው። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

ዓባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ መንግሥት ለምን ለአንድ ኪሎ ብረት ይህን ያህል ብር ብሎ አይከፍልም? ሕዝቡ በወር ውስጥ አገሩን ያጸዳው ነበር።

መልስ፦ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሐሳብ ይህ ነው። ብዙ ቅን ሰዎች ያነሱታል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ለኪሎ ስትከፍል ሰው ወደ ፈንጂ እንዲሄድ ትከፍለዋለህ። ላኦስን ተመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለችባት። ከክላስተር ቦምብ የተበተኑት ትናንሽ ቦምቦች ብቻ 270 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከእነዚያ 30 በመቶ የሚሆኑት ሳይፈነዱ መሬት ውስጥ ቀሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ገበሬው ደሀ ነው። ብረት ደግሞ ገዢ አለው። ርካሽ የብረት መፈለጊያ ገበያ ላይ ወጣ። እናቶችና ልጆች ከእርሻ መልስ ለቀማ ይወጡ ጀመር። ብረት ለቀማ እዚያ አገር ሰው ከሚሞትባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ካምቦዲያም እንዲሁ ነው። የብረት ዋጋ ሲወደድ ጉዳቱም አብሮ ወጣ። ያ ሁሉ የሆነው ያለ ድጎማ፣ በገበያው ብቻ ነው። እዚያ ላይ መንግሥት ብር ቢጨምርበት ምን ሊሆን እንደሚችል አስበው።

ሌላም ችግር አለ። ኪሎ ክብደት ብቻ ነው የሚያውቀው። የእጅ ቦምብ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። የተቃጠለ ታንክ ቶን በቶን ነው። ለክብደት ከከፈልክ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ታንኩ ይሮጣል። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የቀረችው ቦምብ ግን ለማንም አታዋጣም። ገንዘቡ ተከፍሎ ያልቃል፣ አደጋው ባለበት ይቆያል።

ስለዚህ የሚከፈለው ለውጤቱ ነው። ይህ ማሳ፣ ይህ ግቢ፣ ይህ መንገድ በሠለጠነ ሰው ታይቶ ጸድቷል የሚል ወረቀት ይውጣ። ገንዘቡ ከወረቀቱ በኋላ ይለቀቅ። ቅናሹም፣ ድጎማውም፣ የቀረጥ ነፃውም ከዚያ ወረቀት ጋር ይታሰር።

ዓባይ ማዶ፦ ገባኝ። ለጠቆመ ሰውስ? እዚህ ቦታ ቦምብ አየሁ ላለ 500 ብር ቢሰጠው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ አስብ ነበር። አሁን አልስማማም። 500 ብር ለሥራ ፈት ወጣት ትንሽ አይደለም። ሊጠቁም ብሎ ጫካ ለጫካ ይፈልጋል። አንዳንዱ ከሌላ ቦታ አንስቶ አምጥቶ ያስቀምጣል። ብሩ ለመንደሩ ቢሰጥ ይሻላል። ቀበሌው ጠቁሞ፣ ባለሙያ አጽድቶ ሲያበቃ የውኃ ቦኖ ወይም የትምህርት ቤት ጣሪያ ይሠራለት። ያኔ እናት ልጇን ሂድ ፈልግ አትለውም፣ አትንካ ነው የምትለው።

አልባኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ግራምሽ በሚባል ወረዳ መሣሪያ ስትሰበስብ ያደረገችው ይህን ነው። ለግለሰብ ብር አልሰጡም። መሣሪያ ላስረከበ ማኅበረሰብ መንገድና የመንገድ መብራት ሠሩለት። ሕዝቡም አመጣ።

ሸምቤቆ፦ ሞዛምቢክ ግን ለግለሰብ ነበር የሰጡት፤ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና ምናምን። ሠርቷል እኮ።

መልስ፦ አዎ፣ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 አብያተ ክርስቲያናት የጀመሩት ሥራ ነው። ጠመንጃ ያመጣ ማረሻ፣ ብስክሌት፣ ቆርቆሮ ወሰደ። አንድ መንደር ተሰብስቦ ያስረከበው በትራክተር ተለወጠለት። ግን ልዩነቱን ልብ በል። ጠመንጃ ባለቤት አለው፣ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ባለቤቱ ያውቀዋል። ሜዳ ላይ የወደቀ ሞርታር ባለቤት የለውም። የሚያውቀውም የለም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ማበረታቻ አይሠራም።

የብረት ሰው፦ እኔ ነጋዴ ነኝ። ሁልጊዜ እኛ ነን የምንወቀሰው። ከቆራሌ እገዛለሁ፣ ለአቅላጭ ፋብሪካ እሸጣለሁ። ቆራሌው ደረሰኝ የለው፣ ቲን የለው። ከየት አመጣኸው ብለው ከመንገድ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅንነት ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ። ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ጋ ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን አስታውስ። ሲወጣ እንደደነገገው፣ ድርጅት ከ10 ሺህ ብር በላይ ዕቃ ሲገዛ ከሻጩ 2 በመቶ ቀንሶ ለገቢዎች ያስገባ ነበር። ሻጩ ቲን ከሌለው ግን የሚቆረጠው 30 በመቶ ነበር። አዋጁ በቅርቡ ተሻሽሏል፣ የዛሬውን መጠን የሒሳብ ሠራተኛህን ጠይቅ። እኔ የማወራው ስለ አካሄዱ ነው። 30 በመቶ የሚቆረጥበት ቆራሌ ለፋብሪካ አይሸጥም። ላንተ በጥሬ ብር ይሸጣል። አንተም ከማን እንደገዛህ መጻፍ ያስፈራሃል። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ብረቱ ከጎንደር ይምጣ ከጋሸና፣ ከቤት ይውጣ ከምሽግ የሚያውቅ የለም። ሕጉ ይህን አስቦ አልወጣም። ውጤቱ ግን ይህ ነው። ግብሩ ራሱ የብረቱን ዱካ ያጠፋዋል።

ያልፈነዳ ጥይት ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ምድጃውን ከነሠራተኛው ይበትነዋል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቆራሌዎች በማኅበር ይደራጁ። ማኅበሩ ቲን ያውጣ፣ ዝቅተኛ ግብር ይመደብለት፣ አባላቱ ስለ ተተኳሽ ይሠልጥኑ። ከማኅበሩ የገዛ ነጋዴ ደረሰኝ ያገኛል። ብረቱ ከፈንጂ ነፃ ነው የሚል ማረጋገጫ ይዞ የሚገዛ ፋብሪካ ደግሞ የግብር ቅናሽ ያግኝ። ማረጋገጫ የሌለው ብረት ርካሽ መሆን አለበት፣ ማረጋገጫ ያለው ውድ። ያኔ ንጹሕ ብረት ማምጣት ራሱ ትርፍ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ላንተም ያው ነው። ያልታወቀ ብረት አይነካም፣ አይገዛም። ሚዛንህ ላይ አታስቀምጥ።

ቀበሌ 11፦ ነጋዴውን ማባበል ምን ያስፈልጋል? ይታሰሩ። ልጅ አምጥቶ የሸጠለትን የሚገዛ ሰው ሕሊና የለውም።

የብረት ሰው፦ አንቺ ልጅ አሳድገሽ ይሆናል። እኔም አራት አሉኝ። ቦምብ ነው ብዬ አውቄ የምገዛ ይመስልሻል?

ቀበሌ 11፦ አታውቅም። አለማወቅህ ነው የሚያስፈራኝ።

ሸምቤቆ፦ ቅጣት ያስፈልጋል። ግን ቅጣት ብቻ ከሆነ ማታ ማታ ይሸጣል እንጂ አይቆምም።

መልስ፦ ሦስታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን በዚሁ ይብቃ። ከልጅ እጅ ብረት መግዛት መቀጣት አለበት። በዚህ አልደራደርም። ከአዋቂ ቆራሌ የሚገዛውን ግን ሥርዓት ውስጥ ማስገባት ነው። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም። ስለ ማበረታቻ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ስለ የትኛው? ከላይ አንብብና አንድ የተለየ ነገር ጠይቀኝ።

ግሽ ዓባይ፦ የኔ ጥያቄ ስለ ፍርስራሽ ነው። ሕንፃው የፈረሰበት ሰው ማንሻ የለውም። ታክስ ቢጣልበት የት ያገኛል?

መልስ፦ ታክስ የሚጣለው በተጎዳው ላይ አይደለም። ፍርስራሽን መልሶ ከመጠቀም ይልቅ ጥሎ መሄድ ርካሽ እንዳይሆን ነው የምንፈልገው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ቆሻሻ መድፊያ ላይ ታክስ ጣለች። ለተራ ቆሻሻ በቶን 7 ፓውንድ፣ ለድንጋይና ለአፈር ዓይነቱ 2 ፓውንድ። በኋላ የተራው ቆሻሻ ከ100 ፓውንድ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ከካባ በሚወጣ አዲስ ጠጠርና አሸዋ ላይ በቶን 1 ፓውንድ ከ60 ሳንቲም ጨመረች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የድሮ ብሎኬት ፈጭቶ ጠጠር ማድረግ አዋጭ ሆነ። ግን ታክሱ ሲወደድ በሌሊት ሜዳ ላይ የሚደፋ በዛ። እኛ ጋ በሌሊት የሚደፋበት ቦታ የት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓባይ ዳር። የጣና ረግረግ።

ስለዚህ እኛ ጋ በመድፋት ላይ ታክስ አልመክርም። ማንሣትን ማበረታታት ነው። ፍርስራሹን ለይቶ ላስቀመጠ ሰው የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ለጥቂት ዓመት ይነሣለት። ፌሮው ለብቻ፣ ብሎኬቱ ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ። ለመንገድ ተቋራጩ ደግሞ ገረጋንቲ ከካባ ከሚያመጣ የተፈጨ ፍርስራሽ ቢጠቀም በጨረታ ነጥብ ይሰጠው። ያኔ ሲኖትራኩ ራሱ መጥቶ ይለምንሃል።

በርሊን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጡብ በጡብ የለቀሙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። በሰዓት 72 ፌኒግ ይከፈላቸው ነበር። ከብሩ ይልቅ የጠቀማቸው የተሻለ የምግብ ካርድ ማግኘታቸው ነው። የተረፈው ፍርስራሽ ተከምሮ ከአካባቢው 80 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ኮረብታ ሆነ። ዛሬ ዛፍ በቅሎበታል። ከተማቸው ያንን የሚከምርበት ደረቅ መሬት ነበራት። እኛ ረግረግ ነው ያለን።

እባካችሁ፣ ፍርስራሽ ደንገል የሚበቅልበት ውኃ ውስጥ አይግባ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ረግረጉ ቆሻሻውን የሚያጣራለት ኩላሊቱ ነው። በፍርስራሽ ሞልቶ ቦታ ማስፋት ሐይቁን መግደል ነው።

ሰባታሚት፦ ስለ ጣና ካነሳን እምቦጩስ? ለፍርስራሽ ማበረታቻ ከምንል ለእምቦጭ ነቃዩ ገበሬ ቢከፈል አይሻልም?

ደንገል፦ ለእምቦጭ ስንት ጊዜ ዘመቻ ወጣን። ማሽን መጣ፣ ማሽኑ ቆመ።

ሰባታሚት፦ ማሽኑ የቆመው በጥገና ነው። የእጅ ነቀላው ነው የሠራው።

ደንገል፦ የእጅ ነቀላው ዳር ላይ ሠራ። መሃል ላይስ? ንፋሱ መልሶ ያመጣዋል።

መልስ፦ እምቦጭ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እምቦጭም ላይ በክብደት ከከፈላችሁ ውኃ የሞላ አረም ነው የሚቀርብላችሁ። ለጸዳ የባሕር ዳርቻ ክፈሉ። አሁን ወደ ጉዳያችን።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። በጦርነቱ ጊዜ የመጣ የእርዳታ መድኃኒት ጊዜው አልፎ መጋዘን ሞልቷል። ይህም የጦርነት ቆሻሻ ነው?

መልስ፦ ነው እህቴ፣ ያውም ራሱ ማበረታቻ የወለደው ቆሻሻ። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 አጋማሽ ቦስኒያ የገባውን መድኃኒት ያጠኑ ሐኪሞች 17 ሺህ ቶን ያህሉ የማይረባ ነበር ብለዋል። ጊዜው ያለፈበት፣ ማንም የማያነበው ቋንቋ የተጻፈበት፣ ለበሽታው የማይሆን። ማስወገጃው 34 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። አንዳንዱ ላኪ በስጦታ ስም የግብር ቅናሽ ያገኛል። ማቃጠያ ወጪውንም ይገላገላል። ሸክሙ የተቀባዩ ሆነ።

የእኔ አቋም፦ የስጦታ ግብር ቅናሽ የሚሰጥ አገር ሁሉ፣ ተቀባዩ ይህን ጠይቄአለሁ ብሎ ካልፈረመ ቅናሹን አይስጥ። ለአንቺ ደግሞ፦ በጓሮ አታቃጥሉ፣ ፍሳሽ ውስጥ አትድፉ። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ዝርዝር አውጥታችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፣ ቅጂውን ያዙ።

ፒያሳ ልጅ፦ ለአንድ ኪሎ ቀለህ መንግሥት ቢከፍል ሕዝቡ አያጸዳም ነበር?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብ። መልሱ እዚያ ነው። ያልታወቀ ብረት አይነካም።

ሸምቤቆ፦ በካይ ይክፈል የሚባል መርሕ አለ። ጦርነት ላይ ማን ነው የሚከፍለው?

መልስ፦ ይህ ትልቅ ነው። ፋብሪካ ሲበክል ባለቤቱ ይታወቃል። ጦርነት ላይ ግን በካዩ ወይ ተሸንፏል፣ ወይ ደኽይቷል፣ ወይ ዳኛ ሆኗል።

አንድ ጊዜ በደንብ ሠርቷል። ኢራቅ ኩዌትን ወርራ ስትወጣ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓድ ለኮሰች። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 በውሳኔ ቁጥር 687 የአካባቢ ጉዳትንም ጭምር ኢራቅ ትካስ አለ። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከነዳጅ ሽያጯ በመቶ እየተቆረጠ። መጀመሪያ 30 በመቶ፣ በኋላ እየቀነሰ ወደ 5 በመቶና ከዚያም በታች ወረደ። በጠቅላላው 52 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ። ለአካባቢው የተወሰነው ከ5 ቢሊዮን በላይ ነው። የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከተማችን ያለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በምን ተሠራ? በጣሊያን የጦር ካሳ። እ.ኤ.አ. በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስኖ ነበር። ቆቃ ግድብም ከዚያው የካሳ ገንዘብ ነው። ጣሊያን የተባረረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካችን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961። 20 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ አባቴ እዚያ ፋብሪካ ነው ጡረታ የወጣው። የካሳ ገንዘብ መሆኑን አልነገረንም።

ግሽ ዓባይ፦ ብዙ ሰው አያውቅም። እኔም ከአያቴ ነው የሰማሁት።

መልስ፦ ንገራቸው። ልጆችም ይወቁት። እኔ ያነሳሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። ካሳ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይመጣል። ፈንጂ 20 ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ጽዳቱ ዛሬ በመንግሥትና በለጋሽ ገንዘብ ይሠራ፣ ወጪው ይመዝገብ፣ ካሳ ሲመጣ ይተካ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይካስም። ኩዌት ያሸነፈችው መዝግባ ስለያዘች ነው።

ማሳ፦ አያ፣ እኔ አሁን ባሕር ዳር ነኝ እንጂ አገሬ ወደ ላሊበላ መንገድ ነው። ወንድሜ ማሳው ላይ ያልፈነዳ ነገር አለ ብሎ ካረሰ ሁለት ክረምት አለፈው። የመሬት ግብር ግን ይከፍላል። ይህ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድም ዓለም። ላልታረሰ መሬት ግብር መጠየቅ ገበሬውን ወደ ፈንጂው መግፋት ነው። ግብሩን ለመክፈል ያርሳል፣ ሲያርስ ይሞታል። ማሳው አደገኛ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ግብሩ መነሣት አለበት። ወንድምህ ቀበሌው ያስመዝግብለት፣ የተመዘገበበትን ወረቀት ይያዝ።

ዩክሬን ያደረገችውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የገበሬው መሬት ሲጸዳ መንግሥት ወጪውን ይሸፍናል። መጀመሪያ 80 በመቶ ነበር፣ በኋላ ሙሉውን አደረጉት። ገበሬው ራሱ አይቆፍርም፣ ብሩንም በእጁ አይቀበልም። ፈቃድ ያላቸው አጽጂዎች በግልጽ የኤሌክትሮኒክ ጨረታ ይወዳደራሉ። ብሩ ለአጽጂው የሚለቀቀው ሥራው ተመርምሮ ሲያልፍ ነው። ውድድሩ ዋጋውንም አወረደው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ለጸዳ መሬት ክፈሉ የምለው ይኸው ነው።

እኛም ግዴታ አለብን። ኢትዮጵያ የፀረ ሰው ፈንጂ ማገጃ ስምምነትን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 አጽድቃለች። ከኤርትራው ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈንጂ የሚያመክን መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ፣ በውሻና በማሽን ብዙ መሬት አጽድቷል። ሙያው አገር ውስጥ አለ። የጎደለው ለሙያው የሚከፈልበት ሥርዓት ነው።

ለወንድምህ ደውልለት። በዚህ ክረምትም እንዳያርስ።

አዲስ ገቢ፦ በዚህ ዘርፍ ሥራ ወይም ብድር ይገኛል?

መልስ፦ የምመልሰው አይደለም።

ቀበሌ 11፦ ቀረጥ ነፃስ? ፍርስራሽ መፍጫ ማሽን ላስገባ ብል ሕጉ ይፈቅዳል?

መልስ፦ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንብቢ። ብክለትን ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ፣ የአካባቢ ባለሥልጣኑ ሲያረጋግጥለት፣ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ይሆናል ይላል። ከ20 ዓመት በላይ የኖረ ሕግ ነው። የሚጠቀምበት ሰው ግን ብዙ አላየሁም። መፍጫሽ የብክለት መሣሪያ ነው ብለሽ ማሳመን ያንቺ ሥራ ነው። በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።

ደንገል፦ የተቃጠሉ መኪኖችስ? መንገድ ዳር ስንት ዓመት ይቆማሉ?

መልስ፦ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1978 ዘዴ አመጣች። መኪና ሲገዛ መያዣ ይከፈላል፣ መኪናው አርጅቶ ለተፈቀደለት አፍራሽ ሲሰጥ ብር ይመለሳል። እኛም በለስላሳና በቢራ ጠርሙስ እናውቀዋለን። ባዶ ሣጥን ሳትመልስ ሙሉ አትወስድም። ለዚህ ነው የቢራ ጠርሙስ መንገድ ላይ ወድቆ የማታየው። ለጦርነት መኪና መያዣ የከፈለ የለም፣ ስለዚህ መነሻውን ብር መንግሥት ማስቀመጥ አለበት። ግን መጀመሪያ ባለሙያ ይየው። የተቃጠለ መኪና ውስጥ ጥይት ይቀራል። ባትሪውን ከፍቶ እርሳስ የሚያቀልጥ ካለ ደግሞ ልጆቹን እየመረዘ ነው፣ ንገሩት።

ፒያሳ ልጅ፦ ታዲያ ቀለህ ብቻውን ከሆነስ? የተተኮሰ ነው፣ አይፈነዳም። ለኪሎ ቢገዛ ምን አለበት?

መልስ፦ ሁለተኛህ ነው። የተተኮሰ መሆኑን ማን ይለይ፣ አንተ? አሥር ዓመት የሞላው ልጅ? ያልታወቀ ብረት አይነካም። ከዚህ በኋላ ለዚህ ጥያቄ አልመልስም።

ግሽ ዓባይ፦ ጋሼ የመጨረሻ ይሁን። አማቴ ከገጠር ሲመጡ ትልቅ የመድፍ ቀለህ አምጥተውልን አበባ እናስቀምጥበታለን። አገራቸው ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወልም ከእንዲህ ዓይነት ነው የተሠራው። ከዚያ ጋር አንድ ትንሽ ሹል ነገር አብሮ ነበር። ልጆቹ ሲጫወቱበት አየሁ። ጫፉ ላይ ቀለበት አለው።

መልስ፦ አሁን ተነሣ። አትንካው፣ አታንቀሳቅሰው፣ ውኃ አታፍስስበት። ልጆቹንና አማትህን ይዘህ ውጣ። በሩን ዝጋው። ለጎረቤትም ንገር። ለፖሊስ ደውለህ ቀለህ ሳይሆን ያልታወቀ ተተኳሽ ቤቴ አለ በል። ደውለህ ስትጨርስ እዚህ ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።

ግሽ ዓባይ፦ ወጥተናል። ደውያለሁ። ቦታውን ጠይቀውኝ እንመጣለን ብለዋል።

መልስ፦ ካልመጡ ዛሬ ማታ እዚያ ቤት አትደሩ። ጎረቤት እደሩ። አማትህን አትቆጣቸው፣ ለአበባ ነው ያመጡት። ከአገራቸው ሌላ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ቤቱ ያስቀመጠ እንዳለ ግን ዛሬውኑ በስልክ ይጠይቁልህ።